ሳይጻፍ የታመነ

ፓትና፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከጠባቡ ጉራንጉር፣
ከፓምፕ ጠጋኙ በላይ፣ መዶሻ በማያሳርፈው ሰፈር፣
አርባ ሰባት ሆነን ታጭቀናል በአንዲት ክፍል፣
የባንክ ቤት ወንበር ሊደርሰን፣ ከስንት እልፍ ሰው መካከል።

መምህር ትሪፑራሪ፣ ጠመኔ ያነጣው ጢሙ፣
"ነገር ቤት ነው" ይላል፣ ገና ከመቆሙ፤
"ግድግዳው ይታያል፣ ጣራውም ይታያል፤
መሠረቱን ግን ማን ጎንበስ ብሎ ያያል?
ያልተናገረውን፣ ግን ያመነውን ፈልጉ፤
'ይህማ ግልጽ ነው' ሲል፣ ያን ጊዜ ልብ አድርጉ።"

ጻፈልን ሰሌዳ ላይ፦
"ከተማው በወንዙ ዳር መብራት ተከለ፤
ስለዚህ ከእንግዲህ በዚያ ሌባ የለ።"
"ሳይጻፍ የታመነው ምንድን ነው?"
ከኋላ አንድ ልጅ፦ "የመብራቱ መብራት ነዋ!"
ሳቃችን ሳያልቅ ኤሌክትሪኩ ሄደ፣ ቆመ ማራገቢያው፤
በጨለማው ውስጥ "ልክ ነህ" አለ ሰውየው።

ካሊንዲ ከፊት ረድፍ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፦
"በጠራራ ፀሐይ፣ በከረባት፣ በማኅተም የሚሰርቀውስ?"
ማንም አልሳቀ።

"ግምት አገኘን ስትሉ ቶሎ አትመኑት፤
አንድ 'አይደለም' ጨምሩና ገልብጡት።
ቤቱ ከተናደ፣ ምሰሶው እሱ ነው፤
ከቆመ ግን ተዉት፣ የግድግዳ ጌጥ ነው።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ያየሁት ጽሑፍ ሁሉ አሳከከኝ።
የአውቶቡሱ፦ "ጣራ ላይ መውጣት ክልክል"፤
(ውስጡ ቦታ አለ ማለት ነው? ማነው እንዲህ የሚል!)
የጥርስ ሐኪሙ፦ "ሳቅዎን እንመልስልዎ"፤
(የሚያስቅ ነገር እንዳለ ማን ነገረዎ?)
የራሱ የመምህራችን ወረቀት፣ በየስልክ እንጨቱ የተለጠፈ፦
"እዚህ የተቀመጠ፣ አለፈ።"
(ተቀምጦ የቀረውን ግን ማን ጻፈ?)

እኔም አንድ ነገር ነበረኝ፣ ደብተሬ ላይ ያልሰፈረ፣
በየማለዳው ከሐጂፑር ከእኔ ጋር የተሳፈረ፦
ካሊንዲ ዘወትር ከሁላችን ትቀድማለች፤
ከጎኗ ያለውን ቦታ በደብተር ይዛ ታቆይልኛለች፤
ስለዚህ...
አልጨረስኩትም። ምን አስቸኮለኝ?
"ስለዚህ" የሚለው ቃል ብቻውን ነበር የሚጣፍጠኝ።

ክረምት ነው፣ ጋንጋ ሞልቷል። አንድ ቀን ባቡሩ
በሰዓቱ ገባ (ማን ይገምት ነበር?)። ሳይነቃ ሰፈሩ
ደረጃውን ወጣሁ።
አግዳሚውን ሁሉ ግድግዳ አስደግፋ፣
ሻርፗን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣
የሌሊቱን ዝናብ በመጥረጊያ ስትገፋ
አገኘኋት።

"ምነው?" አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።
"ክፍያዬ ነው" አለች፣ ቀና ሳትል።
"ከቤት ይሰጠኝ የነበረው ለኒሻንት ሄደ፣ ለታናሼ።
'እሱ ወንድ ነው' አለ አባቴ፣ 'ስለዚህ...'
የቀረውን አላለም።
እኔ አንድ 'አይደለም' ጨመርኩበት።"
"እና?"
"ተናደ። ይኸው፣ ፍርስራሹን ነው የምጠርገው።"

ዓይኔ ወደዚያ ደብተር ሸሸ። ተከትላ አየችው።
"የክፍያ መዝገብ ነው። የምይዘው እኔ ነኝ።
ዲባካር፣ የሁለት ወር አለብህ፤
ከጎኔ የማስቀምጥህ እንዳታመልጠኝ ነው።"
ሳቀች ልበል? ወይስ የቆርቆሮው ዝናብ ነበር?
"ሌላ መጥረጊያ አለ?" አልኳት።
"ከበሩ ኋላ።"

የፈተናው ቀን። ጋያ። ስክሪን ፊት ተደርድረናል።
ጥያቄ ሠላሳ አንድ፦ "አንዲት ሠራተኛ
በየማለዳው ከባልደረቦቿ ትቀድማለች፤
ስለዚህ ሥራዋን ትወዳለች።
ሳይጻፍ የታመነው የቱ ነው?"

ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል።
አምስቱን ምርጫ አነበብኩ፣ ደገምኩ፣
አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው።
መጥረጊያ የሚል የለም።